ከአንድ ምንጭ፣ በልዩ ልዩ ቀለም፦ የአዳም ልጅነት እምነትና የቆዳ ቀለም ክርክር በክርስትና ታሪክ

«ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን» የሚለው አባባል በክርስቲያኖች ዘንድ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሲነገር በመጀመሪያ የሚጠቀስ ነው። የቆዳ ቀለም ልዩነት ሲያከራክር፣ አንዱ ወገን ሌላውን ሲንቅ፣ ሰባኪው ወደዚህ ቃል ይመለሳል፤ አድማጩም ነገሩ በዚህ ያበቃ ይመስለዋል። የታሪክ መዝገብ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነገር ይነግረናል። በክርስቲያን አገሮች ውስጥ ጥቁር ሕዝብን በባርነት ከገዙትና በሕግ ለይተው ካኖሩት ሰዎች ብዙዎቹ የሰው ዘር ሁሉ ከአንድ አባት መምጣቱን አልካዱም። እንዲያውም ከእነርሱ መካከል ለዚህ እምነት አጥብቀው የተከራከሩ ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ተቃርኖ ነው፤ የጋራ የዘር ሐረግ እምነት ስለ ቆዳ ቀለም ምን አስተማረ? ምንስ ማስቆም ተሳነው? (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአርዮስፋጎስ የተነገረው ቃል

የክርክሩ ማዕከል የሐዋርያት ሥራ 17፥26 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና፣ በአርዮስፋጎስ መካከል ቆሞ ሲናገር፣ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረና በምድር ሁሉ ላይ እንዲኖር እንዳደረገ ያስረዳል፤ ወዲያውም ለሕዝቦች ዘመናቸውንና የሚኖሩበትን ዳርቻ እንደ ወሰነላቸው ይጨምራል። ንግግሩ ለማን እንደ ተነገረ ማስተዋል ይገባል። አቴናውያን ከሌላ ስፍራ የመጡ ሳይሆኑ ከራሷ ከአገራቸው አፈር የበቀሉ እንደ ሆኑ የሚመኩ ሕዝብ ነበሩ። በዚህ ትምክሕት ሌላው የግሪክ ሰው እንኳ መጤ ነበረ፤ ግሪክኛ የማይናገረውማ አረመኔ ይባል ነበር። ስለዚህ «ከአንድ» የሚለው ቃል ለእነዚያ አድማጮች ማንንም የማይነካ አጠቃላይ ምክር አልነበረም፤ የትውልድ ኩራታቸውን በቀጥታ የሚመታ ነበር።

የንባቡም ነገር ታሪክ አለው። በ4ኛውና በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉት የቫቲካን፣ የሲና እና የእስክንድርያ የብራና ቅጂዎች «ከአንድ» ብለው ያቆማሉ። ቤዛ የሚባለው ቅጂና በኋላ የተስፋፉት የቢዛንታይን ቅጂዎች ደግሞ «ከአንድ ደም» ይላሉ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተከተለው ሁለተኛውን ንባብ በመሆኑ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የባርነት ተቃዋሚዎች ዘንድ «አንድ ደም» የሚለው ሐረግ መፈክር ለመሆን በቃ። ዛሬ አብዛኞቹ የንባብ ሊቃውንት አጭሩን ንባብ ይመርጣሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን ልዩነቱ ትርጕሙን አያናጋም፤ በሁለቱም ንባቦች ምንጩ አንድ ነው። ጉዳዩን ያወሳሰበው የቁጥሩ የመጀመሪያ ክፍል አይደለም። ቀጥሎ የመጣው፣ ስለ መኖሪያ ዳርቻ የሚናገረው ክፍል ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ስለ ቆዳ ቀለም በቀጥታ መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። አዳም ምን ዓይነት መልክ እንደ ነበረው አይናገርም፤ ሰዎች በቀለም የተለያዩት መቼና ለምን እንደ ሆነም አይተርክም። ቀለም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኩሽ ምድር ሰዎች ጋር ተያይዞ ነው። በኤርምያስ 13፥23 ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዝንጕርጕርነቱን መለወጥ ይችሉ እንደ ሆነ ነቢዩ ይጠይቃል። ይህ ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ነቀፋ ሲተረጐም ኖሯል፤ ነገር ግን የነቢዩ ወቀሳ የሚያርፈው ክፋትን በለመደው በይሁዳ ሕዝብ ላይ ነው፣ የኢትዮጵያዊው መልክ የተጠቀሰው የማይለወጥ ነገር ምሳሌ ሆኖ ብቻ ነው። ደግሞም የዚያው መጽሐፍ አንባቢ ምዕራፍ 38 ላይ ሲደርስ፣ ኤርምያስን ጭቃ ከሞላበት ጕድጓድ ገመድና አሮጌ ጨርቅ አውርዶ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ መሆኑን ያገኛል። የገዛ ወገኖቹ የጣሉትን ነቢይ ያወጣው፣ ብብቱን ገመድ እንዳይቈርጠው እንኳ ያሰበለት፣ መልኩ ለምሳሌ የተጠቀሰው ሰው ወገን ነው።

በዘኍልቍ 12 ማርያምና አሮን ሙሴን ስላገባት ኩሻዊት ሴት ያሙታል። ጽሑፉ ሐሜታቸው በቀለሟ ምክንያት መሆኑን አይናገርም፤ ፍርዱ ግን በማርያም ላይ ሲወርድ ቆዳዋ በለምጽ እንደ በረዶ ይነጣል። ጸሐፊው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ጥቁረትን የቅጣት ምልክት አድርጎ ለማንበብ ለሚሻ ሰው ይህ ምዕራፍ የሚመች አይደለም።

በመኃልየ መኃልይ 1፥5 የምትናገረው ሴት ጥቁረቷንና ውበቷን በአንድ ዐረፍተ ነገር ታስተባብራለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቃላት የሚያገናኘው አንድ ፊደል ሲሆን እንደ ዐውዱ «እና»ም «ግን»ም ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። የሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጕም «እና» ብሎ ተረጐመው፤ የላቲኑ ቩልጋታ «ግን» አለ። በ«እና» ጥቁረቷ ከውበቷ አንዱ ገጽታ ነው፤ በ«ግን» ውበቷ ጥቁረቷ ቢኖርም የተገኘ ይሆናል። የምዕራቡ ክርስትና ለብዙ መቶ ዓመታት ያነበበው ሁለተኛውን ነው። አንዲት መስተዋድድ በአንባቢው ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደምትሠራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

የጥንት አባቶች ስለ ቀለም ሲጽፉ ከነቀፋ የጸዱ ነበሩ ማለት አይቻልም። ኦሪጀንን የመሰሉ ተርጓሚዎች ጥቁረትን ለነፍስ ኃጢአት፣ ንጣትን ለንጽሕና ምሳሌ አድርገዋል። ምሳሌው መንፈሳዊ ነው ቢባልም በሰሚው ጆሮ በምሳሌነቱ ብቻ አይቀርም። ስለ ሰው ልጅ ምንጭ ግን አቋማቸው የጸና ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ 16ኛ ክፍል፣ ሰው ሆኖ የተወለደ፣ ማለትም ሟችና አሳቢ ፍጡር የሆነ ሁሉ፣ የአካሉ ቅርጽ ወይም ቀለሙ ወይም ድምፁ ምንም ያህል እንግዳ ቢመስለን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ሰው እንደ ተወለደ ምእመን ሊጠራጠር እንደማይገባ ጽፏል። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም፣ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው በገንዘብ መግዛትን በግልጽ አውግዟል። ከአንድ ምንጭነት ተነሥቶ እስከ ባርነት ውግዘት የደረሰ ድምፅ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር፤ ተከታይም ሳያገኝ ለብዙ ጊዜ ቆየ።

ካም፣ ከነዓንና የቻርለስተኑ መጋቢ

በዘፍጥረት 9፥20–27 ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ኖኅ በወይን ጠጅ ሰክሮ ራቁቱን ተኛ፤ ካም የአባቱን ዕራቁትነት አየ፤ ኖኅ ሲነቃ እርግማን ተናገረ። ሦስት ነገሮች ግን በቀላሉ ይታለፋሉ። ተራጋሚው ኖኅ ነው፣ እግዚአብሔር አይደለም። የተረገመው ካም ሳይሆን ልጁ ከነዓን ነው። በጠቅላላው ታሪክ ውስጥም ስለ ቆዳ ቀለም አንድም ቃል የለም። ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ የካም ልጆች አራት መሆናቸው ተጽፏል፦ ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን። የጥንት ሰዎች ከግብፅ በስተ ደቡብ ካለው ጥቁር ሕዝብ ጋር ያገናኙት ኩሽን ነው፤ ኩሽ ደግሞ አልተረገመም።

ታዲያ እርግማኑ ከከነዓን ወደ ካም፣ ከካም ወደ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ እንዴት ተሻገረ? ዴቪድ ጎልደንበርግ በ2003 ባሳተመው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀለምንና ባርነትን ያጣመረው ትርጓሜ ከመጽሐፉ አልወጣም፤ ጥቁር አፍሪካውያን በብዛት በባርነት በሚሸጡበት ዓለም፣ በመጀመሪያ በመካከለኛው ምሥራቅ በኋላም በአውሮፓ፣ ቀስ በቀስ የዳበረ ነው። ማለትም ገበያው ቀደመ፤ ትርጓሜው ተከተለ። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የፖርቱጋሉ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዙራራ ከምዕራብ አፍሪካ ተይዘው ስለ መጡት ሰዎች ሲጽፍ፣ ለባርነታቸው ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው የኖኅን እርግማን ነበር። ከዚያ በኋላ ትርጓሜው ከመርከቦቹ ጋር አትላንቲክን ተሻገረ።

በዚያው ዘመን ውስጥ የሰውን አንድ ምንጭነት የሚክድ ሌላ አሳብም ተነሣ። በ1655 ፈረንሳዊው ኢሳክ ላ ፔይሬር ከአዳም በፊት ሰዎች ነበሩ፣ አዳም የአይሁድ አባት ብቻ ነው የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ተቃጠለ፤ ጸሐፊውም አሳቡን እንዲክድ ተገደደ። አሳቡ ግን በ19ኛው መቶ ዘመን በሳይንስ ልብስ ተመለሰ። የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን እየሰበሰበና እየለካ፣ በ1839 ያሳተመውን መጽሐፍ መነሻ በማድረግ የሰው ወገኖች ከመጀመሪያው የተለያዩ ናቸው ወደሚል ድምዳሜ አመራ። በመጋቢት 1850 የአሜሪካ የሳይንስ ማኅበር በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርለስተን ከተማ ጉባኤውን ሲያካሂድ፣ የሃርቫርዱ ተፈጥሮ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ ይህንኑ የብዙ ምንጮች አሳብ ደግፎ ተናገረ።

በዚያው ከተማ ከ1815 ጀምሮ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ጆን ባክማን የሚኖር ነበር። ባክማን ተራ ሰባኪ አልነበረም፤ የሰሜን አሜሪካን አጥቢ እንስሳት ከታወቀው ሠዓሊ ከኦዱቦን ጋር ሆኖ በመጽሐፍ ያሰናዳ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በ1850 የሰው ዘር አንድነትን አስተምህሮ በሳይንስ መርሖዎች የመረመረበትን መጽሐፍ አወጣ። ዋና ማስረጃው ከእንስሳት ዕውቀቱ የመጣ ነው፦ የተለያዩ የእንስሳት ዓይነቶች ቢዳቀሉ እንደ በቅሎ መካን ይወልዳሉ፤ የሰው ወገኖች ግን ምንም ያህል በቀለም ቢለያዩ ተጋብተው የሚወልዱት ልጅ በተራው ይወልዳል፤ እንግዲያስ ሰው አንድ ዓይነት ፍጥረት ነው። በዘመኑ ከነበሩት ከሞርተንና ከአጋሲ ይልቅ ወደ እውነት የቀረበው ይህ የሃይማኖት ሰው መሆኑን ዛሬ ማንም የሥነ ሕይወት ተማሪ ይመሰክርለታል።

ይሁን እንጂ ባክማን የባርነት ደጋፊ ነበር። ጥቁር ሰው የአዳም ልጅና የእርሱ ወንድም መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ፣ ይኸው ወንድም በአእምሮ ያነሰና በነጭ ሞግዚትነት ሊኖር የሚገባው መሆኑን ያምን ነበር። በታኅሣሥ 1860 ሳውዝ ካሮላይና ባርነትን ለማስጠበቅ ከአሜሪካ ኅብረት ለመገንጠል የወሰነችበትን ጉባኤ በጸሎት የከፈተው እርሱ ነው። በባክማን ልብ ውስጥ ሁለቱ አሳቦች የተጋጩ አይመስልም። የአንድ አባት ልጆች መካከል ታላቅና ታናሽ፣ የተባረከና የተረገመ እንዳለ የኖኅ ታሪክ ያስተምራል ተብሎ ስለ ተወሰደ፣ ቤተሰብነቱ ራሱ የደረጃው ማስረጃ ሆነ። ወንድምነት እኩልነት ማለት መሆኑ ከቃሉ ውስጥ በራሱ አይወጣም፤ ቃየንና አቤልም ወንድማማቾች ነበሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢት 1861፣ የተገንጣዮቹ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በሳቫና ከተማ ባደረገው ንግግር፣ ጥቁር ሰው ለባርነት የተገባው በተፈጥሮው ወይም በከነዓን እርግማን ምክንያት መሆኑን ተናገረ። «ወይም» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። የሞርተን ሳይንስ ይሁን የባክማን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለተናጋሪው ለውጥ አላመጣም፤ መድረሻው አስቀድሞ ተወስኗል፣ የሚመረጠው መንገዱ ብቻ ነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በግልጽ ያየው፣ በእኔ ግምት፣ ራሱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በሐምሌ 1854 በኦሃዮ ለሚገኝ ኮሌጅ ተማሪዎች በምረቃ ሳምንታቸው ባደረገው ንግግር፣ የሞርተንንና የተከታዮቹን ማስረጃ እየጠቀሰ ተከራክሯል። የጥንት ግብፃውያን ሥዕልና ቅርጽ በነጮች መጻሕፍት ውስጥ እንዴት ተዛብቶ እንደሚቀርብ አሳይቷል፤ የሰው ዘር አንድ ምንጭ እንዳለው ማመኑንም ገልጿል። ክርክሩን ግን በዚያ ላይ አላቆመም። ምንጫችን ብዙ ነው ቢባልስ ምን ይከተላል? ብሎ ጠየቀ። ጥቁር ሰው ሰው መሆኑ በፊታችን ቆሞ ሳለ፣ መብቱ በጥንት አባቱ ማንነት ላይ የሚንጠለጠልበት ምክንያት የለም። የጋራ ዘር ሐረግን እያመነ ፍትሕን በእርሱ ላይ ብቻ አለማሳረፉ፣ ባክማን ያልደረሰበትን ስፍራ እንዲደርስ አስችሎታል።

የቁጥሩ ሁለተኛ ክፍል

ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ የካም እርግማን በአደባባይ የሚጠቀስበት ጊዜ እየቀነሰ መጣ። በምትኩ ቀድሞ የጠቀስነው የሐዋርያት ሥራ 17፥26 ሁለተኛ ክፍል ተፈላጊ ሆነ። እግዚአብሔር ለሕዝቦች ዳርቻ ወስኖላቸዋልና መቀላቀል ትእዛዙን መጣስ ነው ተባለ። በ1960 የትንሣኤ ዕለት አሜሪካዊው ወንጌላዊ ቦብ ጆንስ በራዲዮ ባሰማው ስብከት የዘር መለያየት መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሆኑን ያስረዳው በዚሁ ቁጥር ነበር። ሰውየው የቁጥሩን የመጀመሪያ ክፍል አልካደም፤ ሁላችንም ከአንድ ነን ብሎ ጀምሮ ነው ወደ ዳርቻው የተሻገረው። በ1965 በቨርጂንያ ዳኛ ሊዮን ባዚል አንድ ነጭና አንዲት ጥቁር በመጋባታቸው የተላለፈባቸውን ቅጣት ሲያጸና፣ አምላክ ወገኖችን በየአህጉራቸው ማስፈሩ እንዲቀላቀሉ አለመፈለጉን ያሳያል የሚል ምክንያት ጻፈ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 1967 ያንን ሕግ በሙሉ ድምፅ ሻረው።

በሐዋርያው ንግግር ውስጥ ዳርቻው ለምን እንደ ተጠቀሰ ቀጣዩ ቁጥር ራሱ ይናገራል፤ ሕዝቦች እግዚአብሔርን እንዲፈልጉት ነው፣ እርሱም ከእያንዳንዳችን የራቀ አይደለም። ዳርቻው ለፍለጋ የተሰጠ ስፍራ እንጂ ሰው ለሰው የሚያጥረው አጥር አይደለም። ይህን ለማየት ከአንድ ቁጥር ይልቅ ሁለት ቁጥር ማንበብ ይበቃ ነበር።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ደግሞ ስሕተት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። በ1829 የኬፕ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ቅዱስ ቍርባን ያለ ቀለም ልዩነት ለሁሉ በአንድነት እንዲሰጥ ወሰነ። በ1857 ያው ሲኖዶስ፣ አንድነቱ የሚፈለግና መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሆኑን እየመሰከረ፣ «በአንዳንዶች ድካም» የተነሣ የተለየ አምልኮ ማካሄድ እንዲቻል ፈቀደ። ደካሞቹ የተባሉት ከጥቁር ሰው ጋር መቍረብ የተጸየፉት ነጮች ነበሩ። በ1881 ክልስ ተብለው ለተመደቡት ምእመናን የተለየች ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች። ከ1948 በኋላ አፓርታይድ የመንግሥት ሕግ ሆነ፤ በ1974 ነጯ ቤተ ክርስቲያን ባወጣችው ሰነድ የባቢሎን ግንብ ታሪክና የሐዋርያት ሥራ 17 የየብቻ ዕድገትን ለመደገፍ ተጠቀሱ። ለደካሞች የተሰጠ ፈቃድ በ117 ዓመት ውስጥ አስተምህሮ ሆነ ማለት ነው።

መልሱም የመጣው ከተገፋችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1982 የዓለም የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በኦታዋ ተሰብስቦ ለአፓርታይድ የሚሰጠውን መንፈሳዊ ድጋፍ ኑፋቄ ብሎ ሰየመ። በዚያው ዓመት የክልሶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በኬፕ ታውን አቅራቢያ በምትገኘው በቤልሃር የእምነት መግለጫ ረቂቅ አዘጋጀ፤ በ1986 አጸደቀው። የቤልሃር መግለጫ የሚያስደንቀው ክርክሩን በአዳም ላይ አለመመሥረቱ ነው። መነሻው ክርስቶስ ያስገኘው ዕርቅና የቤተ ክርስቲያን አንድነት ነው፤ ሰዎችን በተፈጥሮ ልዩነታቸው የሚለይ አስተምህሮ የሚጣለውም ይህን ዕርቅ ስለሚክድ ነው። ጸሐፊዎቹ የአዳም ልጅነት በተቃዋሚዎቻቸውም አፍ ሲነገር መቶ ዓመት ሰምተዋልና፣ የሚያጣብቃቸው ሌላ ነገር መፈለጋቸው የሚገባ ነበር።

ካም በሩዋንዳ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የካም ስም ከአገራችን ጋር ተያይዞ ያደረሰው ጥፋት አለ። ከ1798 የናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ በኋላ አውሮፓውያን የጥንቷን ግብፅ ሥልጣኔ ሲያዩ፣ የተረገመ የሚሉት ዘር ይህን ሠራ ለማለት ተቸገሩ። ከዚያ በኋላ «ካማዊ» የሚለው ቃል ትርጕሙን ገለበጠ፤ ቆዳው የጠቆረ ቢሆንም በዘሩ ወደ ነጭ የቀረበ፣ ለአፍሪካ ሥልጣኔን ያመጣ ሕዝብ ስም ሆነ። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ሐኒንግ ስፒክ በ1863 ባሳተመው የዓባይ ምንጭ ጕዞው ላይ፣ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የሚገዙት ከብት አርቢዎች ከሐበሻ ምድር የፈለሱ ናቸው የሚል ግምት ጻፈ። ግምቱ ማስረጃ አልነበረውም። ሆኖም በሚስዮን ትምህርት ቤቶችና በቅኝ አስተዳደር ተቀባይነት አገኘ፤ ቱትሲው ካማዊ፣ ሁቱው ባንቱ ተባለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የቤልጅየም አስተዳደር ይህንኑ ልዩነት በመታወቂያ ወረቀት ላይ አሰፈረ።

በኅዳር 1992 ሊዮን ሙጌሴራ የተባለ የገዥው ፓርቲ ሰው በካባያ ባደረገው ንግግር፣ ቱትሲዎች የመጡት ከኢትዮጵያ ነውና በኒያባሮንጎ ወንዝ አቋርጠን ወደዚያው እንልካቸዋለን ብሎ ዛተ። ወንዙ ለመርከብ የሚሆን አይደለም፤ አድማጮቹ ምን እንደ ተባለ ገባቸው። በ1994 የተገደሉ ሰዎች አስከሬን በወንዞቹ ተወስዶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ገዳዮቹም ሟቾቹም በአብዛኛው የተጠመቁ ክርስቲያኖች፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ሙጌሴራ በ2016 በሩዋንዳ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ቀለሙ ራሱ

እስካሁን ሰዎች ስለ ቀለም ምን እንዳሉ እንጂ ቀለሙ ምን እንደ ሆነ አላየንም። የቆዳን ቀለም በዋናነት የሚወስነው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህን የሚያመርቱት ሴሎች ቍጥር በጥቁርም በነጭም ሰው ተቀራራቢ ነው፤ የሚለያየው የሚያመርቱት መጠንና ዓይነት ነው። ጥቁር ቆዳ በብርቱ ፀሐይ ስር ያለውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይከላከላል፤ በተለይም ለጽንስ ጤንነት የሚያስፈልገውን ፎሌትን ከመጥፋት እንደሚጠብቅ ኒና ጃብሎንስኪና ጆርጅ ቻፕሊን በ2000 ባሳተሙት ጥናት አስረድተዋል። ፀሐይ በሚደክምበት ሰሜን ግን የነጣ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ይረዳል። ቀለም እንግዲህ ሰውነት ከምድር ወገብ ባለው ርቀትና በፀሐይ ኃይል መካከል ያደረገው ስምምነት ነው። በ1787 ፕሪስቢቴርያኑ መምህር ሳሙኤል ስታንሆፕ ስሚዝ የቀለም ልዩነት ከአየር ጠባይ የመጣ ነው ብሎ ሲጽፍ ስለ አሠራሩ ብዙ ተሳስቷል፤ አቅጣጫውን ግን አልሳተም።

በ2017 በሳራ ቲሽኮፍ የተመራ ቡድን በኢትዮጵያ፣ በታንዛንያና በቦትስዋና ከሚኖሩ ከ1,500 በላይ ሰዎች የወሰደውን ናሙና መርምሮ ያወጣው ውጤት ለዚህ ርእስ ልዩ ጠቀሜታ አለው። ቆዳን የሚያጠቍሩትም የሚያነጡትም ብዙዎቹ የዘረመል ለውጦች በአፍሪካ ውስጥ የሚገኙ፣ አንዳንዶቹም እንደ እኛ ያለው ሰው ከመታየቱ በፊት የነበሩ ናቸው። በአውሮፓውያን ዘንድ እጅግ የተስፋፋው አንድ የሚያነጣ ለውጥ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ በርከት ብሎ ይገኛል፤ ከምዕራብ እስያ በመጡ ሰዎች ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የገባ ነው። ስለዚህ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ልጅ «ቀይ»፣ ሌላው «ጠይም»፣ ሦስተኛው «ጥቁር» ተብሎ ሲጠራ፣ የዘር ድንበር በመካከላቸው አላለፈም፤ ከአባትና ከእናት የወረሷቸው ጥቂት ለውጦች በተለያየ አደላደል ደረሷቸው እንጂ።

ይህ ማለት ሳይንስ የዘፍጥረትን ታሪክ አረጋገጠ ማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰባክያን ቸኩለዋል። የዘረመል ጥናት የሚናገረው በአፍሪካ ስለ ኖረ የቀደምት ሰዎች ማኅበረሰብ እንጂ ስለ አንድ ባልና ሚስት አይደለም። በክርስቲያኖች መካከልም በዚህ ላይ ስምምነት የለም። ሮማዊው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ በ1950 ባወጡት መልእክት ምእመናን ከአዳም ሌላ የመጀመሪያ ወላጆች ነበሩ የሚለውን አሳብ እንዳይቀበሉ አሳስበዋል፤ ሌሎች የሥነ መለኮት ሊቃውንት አዳምን የሰው ልጅ ሁሉ ወካይ አድርገው ይረዱታል። የሚስማሙበት ነገር ግን አለ፤ ቀለም የሰው ልጅን ታሪክ መጀመሪያ አይመለከትም፣ ዘግይቶ የመጣና እየተለወጠ የሚሄድ ነገር ነው።

በአገራችን የአዳም ልጅነት ተጠራጣሪ አልነበረውም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት በሚናገርበት አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃነትን እንደሚጋሩ ይመሰክራል፤ ወዲያው ደግሞ ጦርነትና የፈረስ ኃይል አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንደሚያደርገው ጽፎ የባሪያውን ሥርዐት ይዘረዝራል። መጽሐፉ በሊቃውንት ዘንድ ሲነበብና ሲተረጐም፣ በጥቁረታቸው ተለይተው «ሻንቅላ» የተባሉት የምዕራብ ወሰን ሕዝቦች እየታደኑ ይሸጡ ነበር። ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1924 አዋጅ ወጣ፤ ሕጋዊ መሠረቱ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1942 ነው። አዋጁ የባለቤትነትን መብት ሻረ። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን መልኩ የጠቆረውን ሰው ለመስደብ ዛሬም በሰፈርና በትምህርት ቤት ይሰማል፤ ተሳዳቢውና ተሰዳቢው በከተራ ዕለት አንዱን ታቦት ሲያጅቡ የሚታዩ የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው።